የሳይንስ ክበብ የ2016 ዓ.ም. ዘገባ፦ ሽንኩርት፣ እንዶድና የበሬ ደም

የሳይንስ ክበባችን የ2016 ዓ.ም. ሥራውን የጀመረው በጥቅምት ወር ሲሆን፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የተውጣጡ 23 አባላት ነበሩት። ባለፉት ዓመታት በየወሩ አዲስ ርእስ እየቀያየርን እንሠራ ነበር፤ ዘንድሮ ግን ዓመቱን ሙሉ በአንድ ጥያቄ ላይ እንድንቆይ የወሰኑት አባላቱ ራሳቸው ናቸው። ጥያቄው አንድ ኬሚካል በሕያው ሕዋስ ላይ ጉዳት ማድረሱ በቤተ ሙከራ የሚታወቀው እንዴት ነው የሚል ነበር። ሐሳቡን ያመጣችው የ11ኛ ክፍል ተማሪ ስትሆን፣ የተነሣችውም በቤታቸው ጎመን ላይ የሚረጨው ፈሳሽ ዕቃው ላይ የራስ ቅል ታትሞበት ሳለ ሰው ሁሉ "መድኃኒት" እያለ ለምን እንደሚጠራው ከመጠየቅ ነው።

ለዚህች ተማሪ በመጀመሪያው ስብሰባ የተሰጣት መልስ ከጓደኛዋ የመጣ ነበር፤ "ማርም ሲበዛ ይመራል" አላት። በ16ኛው መቶ ዘመን የኖረው የስዊስ ሐኪም ፓራሴልሰስ ነገርን መርዝ የሚያሰኘው መጠኑ ብቻ ነው ሲል የተናገረው ሐሳብ ከዚህ ብዙም የራቀ ስላልሆነ፣ እኔም መምህራቸው በረዥሙ ላስረዳ ያዘጋጀሁትን ማስታወሻ አጥፌ ኪሴ ከተትኩት። ኮሶ የምትጠጣ እናት መጠኑን ታውቃለች፤ ሲበዛ ዓይንን እንደሚጎዳም በሕክምና ተመዝግቧል። ነገር ግን "መጠኑ ነው" ማለት የጥያቄው መጀመሪያ እንጂ መልሱ አይደለም፤ ምን ያህል፣ በየትኛው ሕዋስ ላይ፣ ለስንት ጊዜ፣ ከምንስ ጋር ተነጻጽሮ የሚሉት ተከትለው ይመጣሉ። ዓመቱን በሙሉ የታገልነው በተለይ ከመጨረሻው ጋር ነው።

አባላቱ ጥናቱን በጎመኑ ፈሳሽ ላይ ለመጀመር ፈልገው ነበር፤ እኔ ግን ከለከልኩ። አንደኛው ምክንያት ግልጽ ነው፤ የአየር መሳቢያ በሌለው ክፍል ውስጥ ፀረ ተባይ መበጥበጥ ለተማሪ የሚፈቀድ ነገር አይደለም። ሁለተኛው ምክንያት ግን ለትምህርቱ የበለጠ ይጠቅም ነበርና በአንድ ክፍለ ጊዜ ሙሉ ተወያየንበት። ኦርጋኖፎስፌት የሚባሉት ፀረ ተባዮች የሚጎዱት አሴቲልኮሊን ኤስቴሬዝ የተባለውን ኤንዛይም በማሰር ሲሆን፣ ይህ ኤንዛይም በነርቭና በጡንቻ መካከል የሚተላለፈውን መልእክት በጊዜው የሚያቋርጥ በመሆኑ፣ ሲታሰር ጡንቻው ያለማቋረጥ እየታዘዘ በመጨረሻ ትንፋሽ ያቆማል። እኛ የያዝነው መሞከሪያ ደግሞ ሽንኩርት ነው፤ ሽንኩርት ነርቭ የለውም። ሽንኩርቱ በፈሳሹ ውስጥ ቢያድግ እንኳ ስለ ሰው የሚነግረን ነገር እጅግ ጥቂት በሆነ ነበር።

ሽንኩርትን የመረጥነው ርካሽ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ስዊድናዊው አልበርት ሌቫን በ1938 (እ.ኤ.አ.) ኮልቺሲን የተባለው ኬሚካል በሽንኩርት ሥር ሕዋሳት ክፍፍል ላይ የሚያደርሰውን ለውጥ ካሳየ ወዲህ፣ የሽንኩርት ሥር በዓለም ዙሪያ የኬሚካሎችን ጎጂነት ለመመርመር ሲያገለግል ቆይቷል። የሥሩ ጫፍ ሕዋሳት ሳያቋርጡ ይከፋፈላሉ፤ ክሮሞሶሞቻቸው 16 ብቻና ትልልቅ ናቸው፤ ሥሩም ውኃውን በቀጥታ ስለሚነካ በውኃው ያለው ነገር ሳይዘገይ ይደርሰዋል።

የመጀመሪያው ዙር ሙሉ በሙሉ ከሸፈ። በ30 ብርጭቆ ላይ 30 ሽንኩርት አስቀምጠን፣ ከፊሎቹን ኮፐር ሰልፌት በተባለው ሰማያዊ የመዳብ ጨው ብጥብጥ፣ 5ቱን ለማነጻጸሪያ በንጹሕ ውኃ አደረግን። በሦስተኛው ቀን ስንመለስ በኮፐር ሰልፌቱ ውስጥ ያሉት አንድም ሥር አላወጡም ነበርና አባላቱ በደስታ አጨበጨቡ፤ ጭብጨባው ያቆመው የ9ኛ ክፍል ተማሪ የሆነው ትንሹ አባላችን ንጹሕ ውኃ ያለባቸውን ብርጭቆዎች አንሥቶ ሲያሳየን ነው። እነርሱም ሥር አላወጡም። ሽንኩርቶቹ መጋዘን ውስጥ የሰነበቱ አሮጌዎች ስለነበሩ በምንም ውስጥ ብናስቀምጣቸው ላያድጉ ይችሉ ነበር፤ ማነጻጸሪያው ሲሞት ደግሞ ስለ ኮፐር ሰልፌቱ አንድም ነገር ለማለት አንችልም። ተማሪዎቹ በእንግሊዝኛው "ኮንትሮል" እያሉ ሲጠሩት የነበረው ነገር ለምን እንደሚያስፈልግ ከዚያ ቀን በኋላ ደግሜ ማስረዳት አላስፈለገኝም።

በኅዳር ወር ከገበያ አዲስ የገባ ቀይ ሽንኩርት ገዝተን፣ የደረቀውን የሥር መቀመጫ በቢላ ጫፍ በጥንቃቄ ፍቀን፣ የቧንቧውን ውኃም ክሎሪኑ እንዲወጣ ክፍቱን አሳድረን እንደገና ጀመርን። የትምህርት ቤታችን ሚዛን ከግማሽ ግራም በታች አይመዝንም፤ ስለዚህ 1 ግራም ኮፐር ሰልፌት በ1 ሊትር ውኃ ከበጠበጥን በኋላ ደጋግመን በማቅጠን በሊትር 10 ሚሊ ግራም፣ ከዚያ 1 ሚሊ ግራም፣ ከዚያም የ1 ሚሊ ግራም አንድ አሥረኛ እስከምናገኝ ወረድን። ይህ የማቅጠን ሥራ በሒሳብ ክፍል በወረቀት ላይ ቀላል የሚመስለውን ያህል በእጅ ሲሠራ ቀላል አይደለም፤ አንድ ቡድን ሁለት ጊዜ ያቀጠነውን ሦስት ጊዜ ነው ብሎ መዝግቦ ውጤቱ ለሳምንት ሲያወዛግበን ከርሟል።

ሥሮቹን የምንለካው በማስመሪያ ነበር። በመካከሉ አንድ አስደናቂ ነገር ገጠመን፤ ሁለት ተማሪዎች አንዱን ሽንኩርት ለየብቻ ሲለኩ፣ ብርጭቆው የኮፐር ሰልፌት መሆኑን የምታውቀው ተማሪ ሥሩን ከማያውቀው ተማሪ አሳጥራ ጻፈች። ልጅቱ ሐቀኛ ናት፤ ዓይኗ ግን የጠበቀውን አየ። ከዚያ በኋላ ብርጭቆዎቹን በቁጥር ብቻ ሰይመን፣ የቁጥሩን ትርጉም የያዘውን ወረቀት በቤተ ሙከራ ረዳታችን መሳቢያ ውስጥ ቆለፍንበት። በትልልቆቹ የምርምር ተቋማት ይህ የተለመደ ሥርዓት መሆኑን ለአባላቱ የነገርኳቸው እነርሱ ራሳቸው ከደረሱበት በኋላ በመሆኑ ደስ ብሎኛል።

በዚህ ዙር ውጤቱ ግልጽ ነበር። በሊትር 10 ሚሊ ግራም ባለበት ብጥብጥ ሥሮቹ ብቅ ብለው ቆሙ፣ ጫፋቸውም ቡናማ ሆነ፤ በጣም በቀጠነው ግን ከማነጻጸሪያው የሚለይ ነገር አላየንም። የሥር ጫፎቹን ቀቅለንና አሴቶካርሚን በተባለው ቀለም ነክረን በማይክሮስኮፕ ስንመለከት፣ በንጹሕ ውኃ ያደጉት ላይ በመከፋፈል ላይ ያሉ ሕዋሳት በየአቅጣጫው ይታዩ ነበር፤ በኮፐር ሰልፌት ካደጉት ላይ ግን ለማግኘት ረጅም ጊዜ ይፈጅ ነበር። ክሮሞሶሞቹን አንድ በአንድ ለመቁጠር አልቻልንም። ካሉን ሁለት ማይክሮስኮፖች የአንዱ ሌንስ ሻጋታ ይዞታል፤ ይህን ጉዳይ ባለፈው ዓመት ዘገባም ጽፌው ስለነበር ዘንድሮ አላሰፋውም።

የሁለተኛው መንፈቅ ዓመት ሥራችን እንዶድ ነበር። ዶክተር አክሊሉ ለማ በ1964 (እ.ኤ.አ.) በዓድዋ ስለ ቢልሃርዝያ ሲያጠኑ፣ ሴቶች በእንዶድ ልብስ ከሚያጥቡበት ቦታ በታች የሞቱ ቀንድ አውጣዎች ከሌላው ቦታ በዝተው ማየታቸውን፣ ከአጣቢዎቹም አንዷ የእንዶዱን አረፋ ሕያው ቀንድ አውጣዎች ባሉበት ዕቃ ውስጥ እንድትጨምር አድርገው ሲሞቱ መመልከታቸውን አባላቱ ከዚህ በፊት በስም ያህል ብቻ ያውቁት ነበር። የቢልሃርዝያ ትል በቀንድ አውጣው ውስጥ ሳያድግ ወደ ሰው ስለማይደርስ፣ ቀንድ አውጣውን ማጥፋት የበሽታውን መንገድ መቁረጥ ነው። በዚህ ሥራ ዶክተር አክሊሉና ዶክተር ለገሰ ወልደ ዮሐንስ በ1989 (እ.ኤ.አ.) የራይት ላይቭሊሁድን ሽልማት ተቀብለዋል። እኔ ለተማሪዎቹ አጥብቄ የነገርኳቸው ግን ከግኝቱ በኋላ ያለውን ረጅሙን ክፍል ነው፤ እንዶድ ቀንድ አውጣ እንደሚገድል ማሳየት ብቻውን በቂ አልነበረም፣ በዓሣ፣ በከብትና በሰው ላይ የሚያደርሰው ነገር ዓለም በሚቀበለው የቤተ ሙከራ ሥርዓት እስኪመረመር ድረስ ብዙ ዓመታት አልፈዋል። ዓሣን እንደሚጎዳና በውኃ ውስጥ ግን በቀናት ጊዜ እንደሚበሰብስ የታወቀው እንዲህ ባለው ምርመራ ነው።

አባላቱ ወንዝ ወርደው ቀንድ አውጣ ለመሰብሰብ ጠይቀውኝ ነበር። የቢልሃርዝያ ትል በቆዳ በኩል የሚገባ በመሆኑ ይህንንም ከለከልኩ። ዘንድሮ ብዙ የከለከልኩ መምህር ሆኛለሁ። በዚያውም የመርዝን ብርታት ከእንስሳቱ ግማሹን በሚገድለው መጠን የመለካት ዘዴ በ1927 (እ.ኤ.አ.) በእንግሊዛዊው ትሬቫን መጀመሩን፣ በ1959 (እ.ኤ.አ.) ደግሞ ረስልና በርች የተባሉ ሁለት የአገሩ ልጆች እንስሳትን በሌላ ዘዴ መተካት፣ ቁጥራቸውን መቀነስና ሥቃያቸውን ማቅለል የሚሉትን ሦስት መርሖች ማቅረባቸውን ተነጋገርን። ስለዚህ በቀንድ አውጣ ፋንታ ደም ለመጠቀም ተስማማን።

የእንዶዱን አዘገጃጀት ያስተማረችን የትምህርት ቤታችን የጽዳት ሠራተኛ ናት፤ በልጅነቷ ነጠላ ያጠበችበት ነውና። ደረቁን ፍሬ እየወቀጠች "ብናኙ ዓይናችሁን እንዳይነካ፣ አፍንጫችሁንም ሸፍኑ፣ ያስነጥሳል" ስትለን፣ ያች ጎመኑን ያነሣችው ተማሪ ቃሏን በማስታወሻ ደብተሩ ላይ በቀኑ ውጤት ሥር መዘገበችው። ተገቢ ቦታው ነበር።

ደሙን ከቄራ ያመጣነው የበሬ ደም ሲሆን፣ እንዳይረጋ ሶዲየም ሲትሬት ጨመርንበት። ሴንትሪፊዩጅ (በፍጥነት አሽከርክሮ የሚያዘቅጥ መሣሪያ) ስለሌለን ሕዋሳቱ በራሳቸው እስኪዘቅጡ በጨው ውኃ ውስጥ ማሳደር ነበረብን፤ የመምህራን ክበቡ ማቀዝቀዣ ስላልተፈቀደልን በእኔ ቤት ማቀዝቀዣ አደረ። ባለቤቴ ስለዚህ ጉዳይ ያለችውን እዚህ ላይ አልጽፍም።

የሙከራው አሠራር ቀላል ነው። ቀይ የደም ሕዋሳት ያሉበት የጨው ውኃ ድፍርስ ነው፤ የሕዋሱ ሽፋን ከተቀደደ ግን ደሙን ቀይ የሚያደርገው ሄሞግሎቢን ይፈስና ፈሳሹ እንደ ቀይ ጠጅ ጠርቶ በቱቦው ማዶ የተያዘ ጽሑፍ ይነበብበታል። በእንዶድ ውስጥ ያለው ሳፖኒን በሽፋኑ ላይ ካለው ኮሌስትሮል ጋር እየተጣበቀ ሽፋኑን ይበሳል፤ ልብሱን የሚያጥበው አረፋም የዚሁ የሳፖኒን ሥራ ነው። የመጀመሪያው ቀን ቱቦዎቹ ሁሉ በደቂቃዎች ውስጥ ጠሩ። ዘገባውን ለመጻፍ ስንዘጋጅ አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ እጁን አነሣና "ቲቸር፣ እንዶዱን የዘፈዘፍነው በንጹሕ ውኃ ነው፤ ንጹሕ ውኃ ብቻውንስ ሕዋሱን አያፈነዳውም?" አለ። እውነቱን ነው፤ ጨው የሌለው ውኃ ወደ ሕዋሱ እየገባ ያፈነዳዋል። ይህን በ10ኛ ክፍል የማስተምረው እኔ ነኝ፤ ሳላስተውለው ያለፍኩትም እኔ ነኝ።

በሚቀጥለው ሳምንት እንዶዱን በ100 ሚሊ ሊትር 0.9 ግራም ጨው ባለበት ውኃ ዘፍዝፈን፣ አንዱን ቱቦ በጨው ውኃ ብቻ፣ አንዱን በንጹሕ ውኃ ብቻ አድርገን ደገምነው። በጨው ውኃ ብቻ ያለው ደም እንደ ደፈረሰ ቆይቶ ወደ ታች ዘቀጠ፤ ንጹሕ ውኃ ያለበት ጠራ፤ የእንዶዶቹም ብዙ ጊዜ እስኪቀጥኑ ድረስ ጠሩ። በዚህ ጊዜ ግን አላጨበጨብንም፤ ወደ መሳቢያው ሄደን ቁጥሮቹን አመሳከርን። ይኸው እንዶድ ደሙን ባጠራበት ቅጥነት በንጹሕ ውኃ ተዘጋጅቶ ሲሰጠው ሽንኩርቱ ከማነጻጸሪያው ጋር የሚቀራረብ ሥር አወጣ፤ በዕፅዋት ሕዋስ ሽፋን ላይ ኮሌስትሮል እጅግ ጥቂት መሆኑ ለዚህ አንዱ ምክንያት ሊሆን ይችላል ብለን ጽፈናል። ሁለት ጊዜ ብቻ የደገምነው ሙከራ ስለሆነ ከዚህ አላለፍንም።

በግንቦት ወር በዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርቱን የሚከታተል የቀድሞ ተማሪያችን መጥቶ፣ በቤተ ሙከራ የሚያድጉ የጉበት ሕዋሳትን ሕይወት በ1983 (እ.ኤ.አ.) በታተመው የኤምቲቲ ዘዴ እንዴት እንደሚለኩ አስረድቶናል፤ ሕያው ሕዋስ ቢጫውን ቀለም ወደ ሐምራዊ ይለውጠዋል፣ የሞተው ግን አይለውጠውም። ከሁሉ በላይ አባላቱን ያነጋገረው ፓራሲታሞል ነበር። መድኃኒቱ ራሱ ሳይሆን ጉበት ሲያፈርሰው የሚፈጠረው ሌላ ኬሚካል ነው የሚጎዳው፤ ጉበት ግሉታታዮን በተባለ ነገር ያከሽፈዋል፣ መጠኑ ሲበዛ ግን ግሉታታዮኑ ያልቅበታል። ስለዚህ መድኃኒቱን ማፍረስ በማይችል ሕዋስ ላይ የሞከረ ሰው ጉዳቱን ላያየው ይችላል ማለት ነው።

በወላጆች ቀን ቱቦዎቹን አሳይተናል፤ አንዲት እናት ጎመን ላይ ስለሚረጨው ፈሳሽ ጠይቀው ነበር፣ ልጃቸውም ሽንኩርት ነርቭ እንደሌለው ከእኔ አሳምራ አስረዳቻቸው። የኮፐር ሰልፌቱን ዝቃጭ ውኃ ውስጥ ላሉ ሕያዋን ጎጂ በመሆኑ ወደ ቦይ አልደፋነውም፤ ከነስያሜው በሰማያዊ ጀሪካን ተቀምጦ የሚረከበው አካል እስኪገኝ በመጋዘኑ ይገኛል። የመሳቢያውን ቁልፍና ሦስቱን ደብተሮች ለመጪው ዓመት ሰብሳቢ አስረክበናል፤ በመጀመሪያው ገጽ ላይ እንዶዱን ለሦስተኛ ጊዜ መድገም የሚል ተጽፏል።