ለእትዬና ለሰፈራችን ሰው፦ ከልብ የሆነ ምስጋና

የቴአትር ክበባችን አዳራሽ የተቃጠለበትን የዚያን ሌሊት ነገር አልደግመውም። አብዛኞቻችሁ ባልዲ ይዛችሁ እዚያው ነበራችሁ። ያልነበራችሁም ሰምታችኋል። አዳራሹ ሄደ፤ የሰው ሕይወት ግን አልጠፋም፤ ፈጣሪ የተመሰገነ ይሁን። በዳግማይ ትንሣኤ ማታ ደግሞ እድሩ ድንኳን ውስጥ መጋረጃችን ተከፈተ። ይህ እንዲሆን ያደረጋችሁ ሁሉ፣ ውለታችሁን እግዚአብሔር ይክፈላችሁ። እኛ ከፍለን አንጨርሰውም።

የማመሰግነው ሰው ብዙ ነው። ከእትዬ ካልጀመርኩ ግን እጄ አይታዘዘኝም።

ስማቸውን አልጽፍም። «ስሜን አንስተህ እንዳልሰማ» ብለው አስምለውኛል። የሰፈሩ ሰው ያውቃቸዋል። ከጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ጡረታ የወጡት፣ በረንዳቸው ላይ በሲንጀር የሚሰፉት እናታችን ናቸው። ለክበባችን ልብስ ሰፍተዋል። መጋረጃ ስበዋል። ከመጋረጃ ጀርባ ቁጭ ብለው፣ ቃል ለጠፋበት ተዋናይ በሹክሹክታ አስታውሰዋል። እስከ ዘንድሮ ድረስ አንድም ቀን ተመልካች ፊት ወጥተው እጅ ነስተው አያውቁም ነበር።

ፍሙ ገና ሳይበርድ፣ ልጆቹ የተረፈ ቆርቆሮ ሲለቅሙ እትዬ መጡ። አላለቀሱም። የምናለቅሰው እኛ ነበርን። እጄን ያዙና «ና ቤት እንሂድ» አሉኝ። ከአልጋቸው ስር የቆርቆሮ ሳጥን ጎትተው አወጡ። ሲከፈት የናፍታሊን ሽታ ቤቱን ሞላው።

ላይ ላዩን የከፋይ ካባ ነበር። ጥቁር ነው፤ ጠርዙ በወርቅማ ክር ተጠልፏል። የንጉሥ ካባ ሆኖ ያውቃል፣ የዳኛም፣ የሀብታም ነጋዴም። እትዬ ኮሌታውን ገልብጠው አሳዩኝ። ከውስጥ በኩል በቀይ ክር የተሰፉ ትንንሽ ፊደላት አሉ። ያንን ካባ ለብሶ መድረክ የወጣ ሰው ሁሉ የስሙ መጀመሪያ ፊደል እዚያ አለች። የላይኞቹ ደብዝዘዋል። ከባለቤቶቻቸው ብዙዎቹ ዛሬ በሕይወት የሉም። እትዬ አንዷን ፊደል በጣታቸው ነኩና «ይቺ ያባትህ ናት» አሉኝ።

አባቴ በወጣትነቱ ኪነት፣ ማለትም የቀበሌው የመዝሙርና የቴአትር ቡድን ውስጥ፣ እንደነበር ሰምቼ ነበር። ምልክቱን በዓይኔ ሳይ ግን ያ የመጀመሪያዬ ነው። ስለዚህ ነገር ከዚህ በላይ መጻፍ አልቻልኩም፤ ልለፈው።

ከካባው ስር ቀሚሶች፣ ሸማ፣ የወታደር ኮት። ከሁሉም ስር ደግሞ በፌስታል የተጠቀለሉ ደብተሮች። በእጅ የተጻፉ ተውኔቶች ናቸው። ለአዳዲሶቹ ልጆች ልንገራቸው፦ ያኔ እኛ ጋ ኮፒ የሚባል ነገር አልነበረም። ተዋናዩ የራሱን ንግግርና ከሱ በፊት የሚነገረውን የመጨረሻ ቃል ብቻ ገልብጦ ይወስዳል። ሙሉው ተውኔት ያለው በአንድ ደብተር ብቻ ነው። ደብተሩ ከጠፋ ተውኔቱም አለቀለት። እትዬ ያቆዩልን እነዚያን ደብተሮች ነው።

እንዴት እሳቸው ቤት እንደተገኙ ብዙ ሰው ጠይቆኛል። ነገሩ እንዲህ ነው። ቴአትራችን የኪነት ዘመን ልጅ ነው። በ1967 ዓ.ም ቀበሌ ከተቋቋመ በኋላ በየቀበሌው፣ በየፋብሪካው ኪነት ነበር። ወጣቱ ቀን ይሠራል ወይ ይማራል፣ ማታ አዳራሽ ይገባል። መዝሙሩ የመንግሥት ነበር፤ ቴአትሩ ግን ቀስ በቀስ የሰፈር ሆነ። እትዬ ያኔ የፋብሪካው ወጣት ሠራተኛ ነበሩ። ጨርቃ ጨርቁ ጣሊያን በከፈለችው የጦር ካሳ ተሠርቶ በ1953 ዓ.ም ሥራ የጀመረ ነው፤ ባህር ዳርን ከተማ ካደረጓት ነገሮች አንዱ እሱ ነው። የመጀመሪያው መጋረጃችንም ከዚያው የተገዛ አቡጀዴ ነበር። እትዬና ጓደኞቻቸው ሰማያዊ ቀለም ነክረው፣ እጃቸው እስኪጠቁር አሽተው ነው የሰቀሉት።

በ1983 መንግሥት ሲለወጥ ኪነቱ ተበተነ። አዳራሹ መጋዘን ሆነ። ልብሱና ደብተሩ ጥግ ላይ ተጣለ። እትዬ «አይጥ ሊበላው ነው» ብለው በጋሪ አስጭነው ቤታቸው አስገቡት። ያዘዛቸው የለም። የጠየቃቸውም የለም። በ1990ዎቹ የትምህርት ቤት የፀረ ኤድስ ክበባት ድራማ ሲጀምሩ አዳራሹ እንደገና ተከፈተ፤ እኔም የገባሁት ያኔ ነው። በኋላ ቪዲዮ ቤት በየጥጉ ሲከፈት ተመልካቹ ሸሸ። በ2012 ኮሮና መጣና በሩ ተዘጋ። ሳጥኑ ግን ይህን ሁሉ ዘመን ከዚያ አልጋ ስር አልተነሳም። በየዓመቱ ክረምት ሲወጣ ልብሱን ፀሐይ ላይ ያሰጡት ነበር።

«ለአንድ የቀበሌ አዳራሽ ይህን ያህል ለቅሶ?» ያለ ሰው አለ። አልፈርድበትም። ግን አንድ ነገር ልበል። ቴአትር አገራችን በ1910ሮቹ ሲገባ የተክለ ሐዋርያት ተክለ ማርያምን ሥራ ያዩት አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ ሆቴል አዳራሽ የተሰበሰቡ መኳንንት ናቸው። በ1927 የሀገር ፍቅር ማኅበር ተቋቋመ። በ1948 ዛሬ ብሔራዊ የምንለው ትልቁ ቴአትር ቤት ተከፈተ። ሁሉም አዲስ አበባ ነው። የደብረ ኤልያሱ ልጅ ዮፍታሔ ንጉሤ እንኳ፣ በጎጃም ቅኔ ተኮትኩቶ ያደገው፣ በተውኔት ስሙ የተጠራው እዚያ ሄዶ ነው። የእኛ ሰፈር ልጅ ቴአትር ያየው በዚህ አዳራሽ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣቦ ነው። ዛሬ ሙሉዓለም የባህል ማዕከል አለን፤ ደስ ይለናል። ትልቅ መድረክ የደረሱ ልጆቻችን ግን መጀመሪያ ጉልበታቸው የተብረከረከው እኛ ጋ ነው። ያለቀስነው ለዚህ ነው።

ወደ እትዬ ልመለስ። ልብሱን ሁሉ እንደገና ፈትተው ሰፉት። ዓይናቸው ደክሟል፤ መርፌው ላይ ክር የምታስገባላቸው የልጅ ልጃቸው ናት። አንቺንም እግዜር ያሳድግሽ። የመረጥነው የመጀመሪያውን ደብተር ነው፤ ታንኳ ሠሪውና አማቱ በደንገል ምክንያት የሚጣሉበትን። የደራሲው መምህራችን ቤተሰቦች ፈቅዳችሁ፣ ፊት ተቀምጣችሁ ስላያችሁልን እናመሰግናለን፤ ነፍሳቸውን ይማርልን።

በዚያ ማታ አማትየውን የሚሠራው ልጅ እርቁ ላይ ሲደርስ ቃሉ ጠፋው። ደብተሩ እኔ እጅ ነበር። ገጹን እያገላበጥኩ ሳለ ከጎኔ ድምፅ ሰማሁ። እትዬ ናቸው። ደብተር አልያዙም፣ መነጽር አላደረጉም። ያንን ተውኔት ከመጋረጃ ጀርባ ሆነው ለተዋናይ ለመጨረሻ ጊዜ ያስታወሱት በወጣትነታቸው ነው። ከነዜማው፣ ቃል ሳይዛነፍ አወጡት። ልጁ ተቀብሎ ቀጠለ። ፊት ወንበር ላይ የነበሩት የቀድሞ ኪነቶች ድምፁን አውቀውት ኖሮ ብድግ ብለው አጨበጨቡ። ሲያልቅ እጃቸውን ይዘን መድረኩ መሃል አወጣናቸው። እምቢ ብለው ነበር፤ አልሰማናቸውም።

እትዬ፣ ይህን የልጅ ልጅዎ ታነብልዎታለች። የዘንድሮው ልጅ ፊደል ካባው ላይ እንደገባች አይቻለሁ። እርስዎ ካባ ለብሰው አያውቁምና ስምዎ የትም የለም። ልጆቹ መክረዋል፤ አዲሱ መጋረጃ ሲሰፋ የእርስዎን ፊደል ራሳቸው ይጠልፉበታል። ይህንን እንኳ እምቢ አይበሉን። ዕድሜና ጤና ይስጥልን።

የእድራችን አባላት፣ ድንኳኑንና ወንበሩን ያለ ኪራይ ስለሰጣችሁን ክበሩልን። የባጃጅ ልጆች፣ አግዳሚውን ያመላለሳችሁ፣ መብራት ሲጠፋም ጄነሬተሩ እስኪነሳ ባጃጆቻችሁን ደርድራችሁ መድረኩን ያበራችሁልን፣ ክፉ አይንካችሁ። ዓሣ አስጋሪዎች፣ ደንገሉን ከጣና ዳር ቆርጣችሁ ስላመጣችሁልን እናመሰግናለን። ዳቦ የጋገራችሁ፣ ቡና ያፈላችሁ እናቶች፣ ስፒከር ያዋሳችሁን የሌሎች ሰፈር ክበባት፣ የቤተ ክርስቲያንና የመስጊድ አባቶች፣ ከውጭ አገር የላካችሁልን ወንድምና እህቶች፣ ሁላችሁንም ያክብርልን።

ያልጠራኋችሁ አላችሁ። እባካችሁ አትቀየሙኝ። በዚያ ግርግር ማን ምን እንዳመጣ ያልያዝነው ብዙ ነው፤ አንዳንዱም ሰጥቶ ስሙን ሳይናገር ሄዷል። የሰጣችሁለት እሱ ያውቃችኋል።

በመጨረሻ፣ ድንኳኑ ሲነሳ የተገኙ ዕቃዎች እትዬ በረንዳ ላይ አሉ። ሁለት ፔርሙዝ፣ አንድ ረከቦት ከነሲኒው፣ ቢጫ ጀሪካን፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነ ነጠላና የሕፃን ጫማ አንድ እግር ነው። ባለቤቶች ከሰዓት በኋላ እየመጣችሁ ውሰዱ። ጠዋት ጠዋት እትዬ ቤተ ክርስቲያን ናቸው።