የምትበይውን እንጀራ ጻፊው

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንደምን አለሽ? እኛ ከናፍቆትሽ በቀር ደህና ነን፣ እግዚአብሔር ይመስገን። እናትሽ እዚያ አሜሪካ ሥነ ምግብ በኦንላይን ልትማሪ ዩኒቨርሲቲ መግባትሽን ከሰማች ወዲህ ለጎንደር ሰው ሁሉ ነግራለች ማለት ይቻላል። እኔም በስልክ በጥድፊያ "ጎሽ ልጄ" ብዬሽ ዘጋሁት እንጂ በልቤ ያለውን አልጨረስኩም። ስለዚህ ይሄን ጻፍኩልሽ። ከሥራ ስትወጪ ረጋ ብለሽ አንብቢው።

መጀመሪያ ያንን የቤት ሥራ ላንሳ። የሦስት ቀን ምግብሽን መዝግበሽ፣ በኮምፒውተር አስልተሽ አስረክቢ ተብለሻል። አንቺ ደግሞ "የእኛ ምግብ ኮምፒውተሩ ውስጥ ስለሌለ ዳቦና እንቁላል ብዬ ልሙላው ይሆን?" አልሽኝ። እባክሽ እንዳታደርጊው። የዚህ ሥራ ዓላማ ራስሽን በቁጥር እንድታዪ ነው። ያልበላሽውን ከጻፍሽ ውጤቱ የማንም አይደለም። ደግሞም ነገ ባለሙያ ስትሆኚ እንጀራ የሚበላ ሕመምተኛ ፊትሽ ይቀመጣል። ያኔ ቁጥሩን ከማን ትጠይቂያለሽ?

ምግቡን በስሙ ካጣሽው በውስጡ ባለው አስገቢው። ቅዳሜ ስትጋግሪ ዱቄቱን መዝኚ፣ ከምጣዱ የወጣውን እንጀራ ቁጠሪ። 1 ኪሎ የጤፍ ዱቄት 10 እንጀራ ከወጣው አንዱ እንጀራ 100 ግራም ዱቄት አለበት ማለት ነው። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ሰንጠረዥ ላይ ጤፍ አለ። 100 ግራም ያልበሰለ ጤፍ 367 ካሎሪ፣ 13 ግራም ያህል ፕሮቲን ይሰጣል ይላል። ውሃው ክብደት ይጨምራል እንጂ ካሎሪ የለውም። እርሾው ከስታርቹ ጥቂት ይበላል፣ ለአንቺ ሥራ ግን ልዩነቱ ትንሽ ነው። እዚያ አገር ብዙ ሰው እንደሚያደርገው ገብስ ወይም ስንዴ የምትቀላቅይ ከሆነ እያንዳንዱን ለየብቻ አስገቢ።

ሽሮው ላይ ደግሞ ዓይንሽ ዘይቱ ላይ ይሁን። እኛ ቤት ዘይት በዓይን ነው የሚለካው። ካርቦሃይድሬትና ፕሮቲን በግራም 4 ካሎሪ፣ ስብ ግን 9 እንደሚሰጥ ገና የመጀመሪያው ምዕራፍ ላይ ታገኚዋለሽ። አንድ የሾርባ ማንኪያ ዘይት 14 ግራም ገደማ ነው። ሦስት ማንኪያ 42 ግራም፣ በ9 ሲባዛ 378። ልብ በይ፣ ሦስት ማንኪያ ዘይት ከዚያ ከአንዱ እንጀራ ይበልጣል! ድስቱን ስትጥጂ ማንም የማያየው ነገር ይሄ ነው። የወጥ ቤት ሚዛን ከሌለሽ ግዢ፣ ውድ አይደለም። ከመማሪያ መጽሐፉ እኩል ያስተምርሻል።

ስለ ብረትም ልንገርሽ፣ ምክንያቱም ይሄ ለብዙ ዓመት ኬሚስትሪ ሳስተምር በጣም የምወደው ርዕስ ነበር። ሰው ሁሉ "ጤፍ ብረት አለው" ይላል። እውነት ነው። ነገር ግን አገር ውስጥ በተለካው ጤፍ ላይ በጣም ትልልቅ ቁጥር ስታዪ ቶሎ አትመኚው። ጤፍ በአውድማ መሬት ላይ ሲወቃ አፈር ይቀላቀልበታል፣ በአፈሩ ውስጥ ያለው ብረትም አብሮ ይለካል። ያ ብረት ደግሞ ለሰውነት ብዙም አይጠቅምም። ሌላው፣ እህል ውስጥ ፋይቴት የሚባል ንጥረ ነገር አለ። ብረቱን ጨብጦ ይይዝና አንጀት እንዳይወስደው ያደርጋል። ሊጡ በእርሾ ሲቦካ ፋይቴቱ ይቀንሳል። እናቶቻችን ሊጥ የሚያቦኩት ለጣዕሙ ብለው ይሆናል፣ ሥራው ግን ከጣዕም ያልፋል። በአንጻሩ ከምግብ በላይ ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ብረት እንዳይወሰድ ያግዳል። ሎሚ፣ ቲማቲም፣ ጥሬ ቃሪያ ደግሞ በቫይታሚን ሲያቸው ያግዙታል። ቡና ተዪ አልልሽም፣ እናትሽም አትሰማኝ። ከምግብ ግን አንድ ሁለት ሰዓት አርቂው።

ጾሙንም እንዳትደብቂው። ፍልሰታን ወይም ዐቢይ ጾምን ስትጾሚ ምግብሽ ሁሉ ከእህልና ከአትክልት ነው። እህሉ ላይሲን የሚባለው አሚኖ አሲድ (ፕሮቲን የሚገነባበት ነገር) ይጎድለዋል፣ ምስሩና ሽሮው ይሞላዋል። ምስሩ የሚጎድለውን ሜታዮኒን እህሉ ይሞላዋል። ስለዚህ "ሥጋ ከሌለ ፕሮቲን የለም" ለሚልሽ ሰው በማስረጃ መመለስ ትችያለሽ። ቫይታሚን ቢ12 ግን ሌላ ነው፣ በተፈጥሮ ከእንስሳት ምግብ ነው የሚገኘው። ጤነኛ ጉበት ለረጅም ጊዜ የሚበቃ ያስቀምጣል። ዓመቱን ሙሉ ከእንስሳት ምግብ የሚርቅ ሰው ግን ሊያስብበት ይገባል። ይሄን ለመምህርሽ ብትጽፊላት እርግጠኛ ነኝ በደስታ ታነበዋለች።

አንድ ከባድ ነገርም ልጨምር። ትምህርትሽ ጥራጥሬን ያወድሳል፣ ልክ ነው። ግን ከእኛ ብዙም በማይርቁት ደምቢያና ፎገራ በችግር ጊዜ ጓያ ብቻ በልተው እግራቸው የሰለለ፣ በምርኩዝ የቀሩ ሰዎች ነበሩ። ጓያ ድርቅን ይችላል፣ ሌላው እህል ሲጠፋ እሱ ይተርፋል። ውስጡ ያለው መርዝ ለረጅም ጊዜ አብዝቶ የበላውን ሰው ነርቭ ይጎዳል። ምግብ የሚመረጠው በእውቀት ብቻ እንዳይመስልሽ። ሰው ያለውን ነው የሚበላው። አንድ ሰው ምክርሽን ሳይሰማ ሲቀር መጀመሪያ ጓዳው ውስጥ ምን እንዳለ ጠይቂ።

አሁን ወደ ፕሮግራምሽ ልምጣ። ኦንላይን ትምህርት አስገዳጅ የለውም። በሩን ከፍቶ የሚገባ አስተማሪ ስለሌለ ሰዓቱን የምታስከብሪው አንቺ ነሽ። የኮርሱን ዕቅድ ወረቀት አትሚና የማስረከቢያውን ቀን ሁሉ ቀን መቁጠሪያሽ ላይ ጻፊ። "እሑድ 11:59" ሲባል በየትኛው ስቴት ሰዓት እንደሆነ አረጋግጪ። የከሰዓት ፈረቃ ስለምትሠሪ ጠዋት ጭንቅላትሽ ሳይደክም አጥኚ። ያልገባሽን ደግሞ ለእናትሽ በስልክ አስረጃት። እሷ ከገባት አንቺ ገብቶሻል።

በአረጋውያን መጦሪያ የምትሠሪውን ሥራ እንደ እንቅፋት አትዪው። የክፍልሽ ልጆች በሥዕል የሚያዩትን አንቺ በየማታው ታዪዋለሽ። በየትሪው ላይ የምትቀመጠውን ወረቀት አንብቢያት፣ "ጨው የቀነሰ"፣ "የለሰለሰ"፣ "የስኳር ሕመምተኛ" የምትለዋን። ለምን ለእኚህ ሴትዮ ብርቱካን ጭማቂ ተከለከለ ብለሽ ጠይቂ። ኩላሊታቸው የደከመ ከሆነ ነገሩ ጭማቂው ውስጥ ያለው ፖታሲየም የሚባል ማዕድን ነው፣ ሰውነት ውስጥ ሲጠራቀም ልብ ላይ አደጋ ያመጣል።

አንድ የማሳስብሽ ጉዳይ አለ፣ ይሄን ሳምንቱ ሳያልቅ አድርጊው። አሜሪካ ሬጂስተርድ ዳይቲሺያን (የተመዘገበ የሥነ ምግብ ባለሙያ) ለመሆን ከጃንዋሪ 2024 ጀምሮ ማስተርስ ይጠየቃል። በባለሙያ ሥር ቢያንስ 1,000 ሰዓት ልምምድና ብሔራዊ ፈተናም አለው። ኤሴንድ የተባለው ዕውቅና ሰጪ አካል ያጸደቀው ፕሮግራምም መሆን አለበት። "ኒውትሪሺን" (ሥነ ምግብ) የሚል ስም ያለው ዲግሪ ሁሉ ወደዚያ አያደርስም። ለአማካሪሽ ኢሜይል ጻፊና የአንቺ ፕሮግራም ዕውቅናው እንዳለው፣ ከሌለውም የትኞቹ ኮርሶች እንደሚያዙልሽ በጽሑፍ እንዲመልስልሽ ጠይቂው። ገንዘብሽንና ዓመታትሽን የምታፈሺበት ነገር ነው፣ በቃል መልስ ብቻ አትርኪ።

የቅዳሜውን ዱቄትና እንጀራ ቁጥር እንዳገኘሽ ላኪልኝ፣ ስሌቱን አብረን እናየዋለን። እናትሽ ደግሞ የበርበሬውን መጠን በማንኪያ ለክታ ልትነግርሽ እሑድ ትደውላለች፣ ስልክሽን ክፍት አድርጊ።

የሚወድሽ አባትሽ