ስኒዬን ለቀዳችሁልኝ ሁሉ

ይህን የምጽፈው ደሴ፣ ቧንቧ ውሃ ሰፈር፣ እናቴ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጬ ነው። ጦሳ ተራራ ፊት ለፊቴ ነው። ዛሬ ጉም የለበትም። ከጠዋት ጀምሮ ፀሐይዋን እየተከተልኩ ወንበሬን ሦስት ጊዜ አንስቻለሁ። እናቴ «ፊትሽ ይጠቁራል፣ ግቢ» ትላለች። ይጥቆር።

የመጣሁት ለፋሲካ ነው። ከመመለሴ በፊት ግን የምስጋና ዕዳ አለብኝ። ባለፈው ኅዳርና ታኅሣሥ እጄን ይዛችሁ ያወጣችሁኝ ሰዎች አላችሁ። አንዳንዶቻችሁ ምን እንዳደረጋችሁልኝ እንኳን አታውቁም። ስለዚህ ልንገራችሁ።

ነርስ ነኝ። ኖርዌይ ከገባሁ ስድስት ዓመት ሆኖኛል። በ2017 መስከረም ላይ ወደ ሰሜን፣ ትሮምሶ ወደምትባል ከተማ ሄጄ የአረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ሥራ ጀመርኩ። ደሴ ከምድር ወገብ 11 ዲግሪ ወደ ሰሜን ናት። ትሮምሶ 69 ዲግሪ ላይ ናት። እዚያ ከኅዳር 18 አካባቢ እስከ ጥር 7 አካባቢ ፀሐይ ጨርሶ አትወጣም። ቀትር ላይ ለጥቂት ሰዓት ሰማዩ ሰማያዊ ወገግታ ያሳያል፣ ከዚያ ተመልሶ ይጨልማል።

የደሴ ልጅ ብርድ ምን ያደርገዋል ብዬ ነው የሄድኩት። ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሐምሌና በነሐሴ ጉም ውስጥ ያደግኩ ሰው ነኝ። እውነትም ብርዱን ቻልኩት። ከደቡብ የሚፈስ ሞቃት የባሕር ውሃ ስላለ ከተማዋ እንደሚፈራው አትቀዘቅዝም። ያቃተኝ ጨለማው ነው። ሥራ ስገባ ጨለማ፣ ስወጣ ጨለማ። ሌሊት እንቅልፍ የለም፣ ቀን ዓይኔን መግለጥ አቃተኝ። ምግብ አልጥም አለኝ። ለሰው አልተናገርኩም። ለእናቴም «ደህና ነኝ» እያልኩ ስልኩን ቶሎ እዘጋ ነበር።

ታኅሣሥ 4 የሉሲያ በዓላቸው ነው። ነጭ ቀሚስ የለበሱ ሕፃናት ሻማ ይዘው እየዘመሩ መጦሪያችን መጡ። አረጋውያኑ አለቀሱ። እኔም ደስ ብሎኝ ወጣሁ። በዚያ ደስታ ጫማዬ ላይ የማስረውን የበረዶ ሹል ብረት ረሳሁት። ቤቴ ልደርስ ትንሽ ሲቀረኝ በረዶው አንሸራቶ ጣለኝና የግራ እጄ አንጓ ተሰነጠቀ። ጀሶ ታሰረልኝ፣ ፈቃድ ተሰጠኝ፣ ቤት ገባሁ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ሦስት ቀናት ናቸው የከበዱኝ። መጋረጃውን አልከፈትኩም። ምን ላይበት ብዬ?

በአራተኛው ቀን እናቴ በቪዲዮ ደወለች። ጀሶውን ልደብቅ ሞከርኩ፣ አየችው። አልጮኸችም። ትንሽ ዝም አለችና ስለ 2014 ኅዳር አወራችኝ። ያኔ ደሴና ኮምቦልቻ በጦርነቱ ተይዘው መብራትም ስልክም አልነበረም። እኔ ከሩቅ ድምፅዋን ሳልሰማ እየተጨነቅኩ የከረምኩበት ጊዜ ነው። ያን ጊዜ እንዴት እንዳለፉት ጠይቄያት አላውቅም ነበር። «ያኔ አምስት ቤት ሰው አንድ ኩራዝ ላይ ነው የተሰበሰብነው» አለችኝ። «ጋዙ እንዲበቃን ብለን ነበር። በኋላ ጋዝ ተገኘ፣ እኛ ግን አልተበታተንንም። አንቺም ብቻሽን አትቀመጪ።»

ከዚያ ስልኩን ስኳር ዕቃው ላይ አስደግፋ ቡና መቁላት ጀመረች። ጎረቤት ተጠራ። ደሴ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ነው፣ እኔ ጋ ሰባት ሰዓት፣ ውጭው መጨለም ጀምሯል። እናቴ ስኒዎቹን ደረደረች። ለሁሉም ከቀዳች በኋላ አንድ ስኒ ጨመረች። «ይቺ የሷ ናት» አለች። ስኒዋን ስልኩ ፊት አስቀመጠቻት። እንፋሎቱ ወደ ካሜራው ሲወጣ አየሁት። ስክሪኑ ለቅጽበት ደበዘዘ።

አቦሉን፣ ቶናውን፣ በረካውን አብሬያችሁ ተቀመጥኩ። ግድግዳ የምንጋራቸው እማማ እጃቸውን ዘርግተው «አላህ ብርሃኑን አይንፈግሽ፣ አብሽሪ ልጄ» ብለው ዱዓ አደረጉልኝ። እናቴ ማተቧን በአንገቷ አስራ «አሚን» አለች። ወሎ ውስጥ ይህ አዲስ ነገር አይደለም። እኔ ግን አራት ቀን ከሰው ሳልነጋገር የቆየሁ ሰው ነበርኩና አለቀስኩ። «አብሽሪ» የሚለውን ቃል ከሰማሁ ስንት ጊዜዬ!

የልጅ ልጃቸው «እዚያ ፀሐይ የለም ወይ?» አለ። የለም አልኩት። «የት ሄዳ ነው?» የምድር ዘንግ 23.5 ዲግሪ ያዘነበለ ስለሆነ በዚህ ወቅት ሰሜኑ ጫፍ ፀሐይን ጀርባውን ሰጥቷታል ብዬ ላስረዳው ሞከርኩ። ልጁ ሳልጨርስ ስልኩን አንስቶ በረንዳ ላይ ሮጠ። ካሜራውን ቀጥታ ፀሐይዋ ላይ አዞረው። ስክሪኑ ነጭ ሆነ። ምንም አይታይም፣ ነጭ ብቻ። «ታየሽ? ታየሽ?» ይላል። ታየኝ፣ ልጄ። የዚያን ቀን መጋረጃዬን ከፈትኩ።

እስከ ጥር ድረስ አንድም እሁድ አልቀራችሁም። የእኔን ስኒ በየተራ ጠጣችሁልኝ። ስማችሁን ዝርዝር አድርጌ አልጽፍም፣ ማን ማን እንደነበራችሁ ግን አንድ በአንድ አውቃለሁ።

እዚያው ትሮምሶ፣ ከድልድዩ ማዶ የምትኖረዋ የኮምቦልቻ ልጅ፣ ምስጋናዬ አንቺም ጋ ይድረስ። ከዚያ በፊት የተገናኘነው ሁለት ጊዜ ብቻ ነው። መውደቄን ስትሰሚ በረዶው ውስጥ አውቶቡስ ቀይረሽ መጣሽ። የሩዝና የስንዴ ዱቄት አብኩተሽ የጋገርሽው እንጀራ ዓይኑ አልወጣልሽም ነበር፣ ይቅርታ ጠየቅሽኝ። እኔ እንደዚያ ቀን የጣመኝ እንጀራ አላስታውስም። ፀጉሬን በአንድ እጄ መሥራት ስላልቻልኩ ሹሩባ ሠራሽኝ። ገናንም ያለ ፀሐይ አብረን አከበርነው።

እናቴ የላከችውን ባና ከአዲስ አበባ በሻንጣህ ያመጣህልኝ ወንድሜ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ባና ከባድ ነው፣ የራስህን ዕቃ ቀንሰህ እንደያዝከው በኋላ ነው የሰማሁት። ደርሶኝ ብዙም ሳይቆይ የቤቴ ማሞቂያ ለአራት ቀን ተበላሸ። ባናውን ስገልጠው የበግ ጠጉርና የእጣን ሽታ አብሮ ወጣ። በደንብ ተኛሁ።

የሥራ ባልደረባዬ ደግሞ በርካቶች እዚያ የሚጠቀሙበትን 10,000 ሉክስ (የብርሃን ድምቀት መለኪያ ነው) የሚሰጥ መብራት አዋሰችኝ። በየማለዳው ግማሽ ሰዓት ፊቱ እቀመጥ ነበር። ጠቅሞኛል።

አሁን ስለ አንዲት እናት ልንገራችሁ። 92 ዓመታቸው ነው፣ መጦሪያው ውስጥ የምንከባከባቸው። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1944 የጀርመን ጦር ሲያፈገፍግ ፊንማርክ የሚባለውን የኖርዌይ ሰሜን ጫፍ አቃጥሎ ሕዝቡን ሲያስለቅቅ ልጅ ነበሩ። ቤታቸው ተቃጥሎ ትሮምሶ የደረሱት በዚያው የጨለማ ወቅት ነው። ጀሶዬን አይተው «ጨለማው ነው የጣለሽ?» አሉኝ። በረዶው ነው አልኳቸው። አላመኑኝም። ወንበራቸውን ገፍቼ ቀትር ላይ ወደ መስኮቱ እንድወስዳቸው አዘዙኝና በጣታቸው አመለከቱ። «ወደ ደቡብ እዪ። በየቀኑ፣ በዚህ ሰዓት። ሌላ ቦታ አትዪ።»

ከተራሮቹ ጀርባ ቀጭን ብርቱካናማ መስመር ነበረች። ፀሐይዋ ከአድማስ በታች ሆና የምትሰደው ብርሃን ነው። ደቡብ ማለት ደግሞ ለእኔ በእናንተ በኩል ማለት ነው። ይህን ስነግራቸው እጄን፣ ጤነኛውን፣ ይዘው ሳሙት። ከዚያ ቀን ወዲህ ቀትር ላይ አብረን ወደ ደቡብ እናይ ነበር። እኔ ልንከባከባቸው የተቀጠርኩ ነኝ፣ የተንከባከቡኝ ግን እሳቸው ናቸው።

ጥር 13፣ ጥምቀት ባለፈ በሁለተኛው ቀን፣ ፀሐይዋ በተራሮቹ መሐል ብቅ አለች። ለጥቂት ደቂቃ ብቻ። ሕፃናት ከትምህርት ቤት ወጥተው ይጮሃሉ። በዚያ ቀን ማርማላታ የተሞላ፣ የእኛን ቦምቦሊኖ የሚመስል ነገር መብላት ልማዳቸው ነው። አንዱን ለእናቴ ምትክ ለእኚያ እናት አበላኋቸው። ዱቄት ስኳሩ አገጫቸው ላይ ቀረ፣ ፊታቸው ላይ ደግሞ ብርሃኑ። ስልኬን አውጥቼ ደሴ ደወልኩ። ካሜራውን ፀሐይዋ ላይ አዞርኩት። እናንተ ጋ ስክሪኑ ነጭ ሆነ መሰለኝ። እልልታው ግን ትሮምሶ ድረስ ተሰማ፣ እሳቸውም ሰሙት።

እጄ ድኗል። እንቅልፌ ተመልሷል። ባለፈው ሳምንት ከኮምቦልቻ አውሮፕላን ማረፊያ የሐረጎን ጥምዝምዝ መንገድ ስወጣ ሹፌሩ «መስኮቱን ልዝጋልሽ?» አለኝ። ይሁን ክፍት አልኩት።

በግንቦት እመለሳለሁ። እኚያ እናት ይጠብቁኛል። ኅዳር 18 ደግሞ ሩቅ አይደለም። አደራ፣ ስኒዬን ከረከቦቱ ላይ እንዳታነሱት።

ልጃችሁ፣ እኅታችሁ
ከቧንቧ ውሃ፣ ደሴ