ለቅዳሜው የበጎ አድራጎት የሙዚቃ ምሽት

ውድ አባላት፣

ድራሙና የቤዝ አምፕሊፋየሩ የጋራ ስለሆኑ ጊታርና የድራም ዱላችሁን ብቻ ይዛችሁ ኑ። ከአንጋፋዎቹ የሮክ ኤንድ ሮል ተጫዋቾች ጋር የምንጀምረው ባለ 12 ባር (የምት ክፍል) ብሉዝ ነው፣ ኤ ቁልፍ ላይ፤ ኮርዶቹ፦ 4 ባር ኤ፣ 2 ዲ፣ 2 ኤ፣ ከዚያ ኢ፣ ዲ፣ ኤ፣ ኢ አንድ አንድ። ሰው የሚሳሳተው 9ኛው ባር ላይ ነው፤ ቤዙን ስሙ (አንጋፋዎቹማ ዓይናቸውን ጨፍነው ነው የሚጫወቱት)። ከሌሎቹ ጋር እንዲገጥም፣ አልቶ ሳክስፎን የያዘ ኤፍ ሻርፕ፣ ቴነር የያዘ ቢ ላይ ይጫወት።

አምፕሊፋየሩ እምምም ካለ ዕቃዎቹ በተለያየ የኤሌክትሪክ መስመር ተሰክተው ሊሆን ይችላል፤ ወደ አንድ መስመር አምጧቸው። የምድር ሽቦ ግን ፈጽሞ እንዳይነቀል፣ ጊታር ይዞ ማይክ የነካውን ሰው ኤሌክትሪክ ሊይዘው ይችላል። ማይክ ከጮኸ ፊቱን ከሞኒተሩ (ወደ ተጫዋቾቹ ከዞረው ድምፅ ማጉያ) አዙሩት።

የመግቢያውን ገንዘብ ሁለት ሰው ቆጥሮ ይፈርም።