የካዛንቺስ ካሴቶች ሳይበላሹ እንድረስላቸው፦ የድጋፍ ጥሪ

ገንዘብ የምንጠይቃችሁ ለአራት ሣጥን ካሴት፣ ለሁለት ማዳበሪያ ሙሉ መጽሔትና ወረቀት፣ ለአንድ የጫማ ካርቶን ዲስኬት (የድሮ ኮምፒውተር ፋይል መያዣ) ነው፤ የሰፈራችን ድምፅና ጽሑፍ ያለባቸው ናቸውና ሳይበላሹ ወደ ኮምፒውተር ልንገለብጣቸው አስበናል። ባለቤቱ ጋሼ ናቸው። ስማቸውን እንዳንጽፍ አስጠንቅቀውናል፤ የካዛንቺስ ልጅ ግን ማንን እንደምንል አያጣውም። ሰፈሩ በ2017 ዓ.ም. ለልማት ሲነሳ ሣጥኖቹም ከእርሳቸው ጋር ገላን ጉራ ገቡ። አሁን ሳሎናቸው ውስጥ ከመጋረጃ ጀርባ ተደርድረዋል፤ እንግዳ ሲመጣ አንዱ ሣጥን ወንበር ይሆናል።

ለማታውቋቸው ጥቂት እንበል። ጋሼ ፖለቲከኛ ነኝ ብለው አያውቁም፤ ዕድሜያቸውን ሙሉ ግን ከሰፈር ፖለቲካ አልወጡም። በ1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት አዋጅ ቁጥር 47 ወጥቶ ቀበሌዎች ሲቋቋሙ ገና ወጣት ነበሩ፤ ጽሕፈታቸው ያምራል ተብለው ቃለ ጉባኤ ያዥ ሆኑ። የኅብረት ሱቅ የስኳር ወረፋም አስተባብረዋል። ስብሰባ ላይ የተባለ ነገር ካልተጻፈ በሚቀጥለው ስብሰባ “ማን አለ?” እንደሚባል ያወቁት ያኔ ነው። ከዚያ ወዲህ የጻፉትን ወረቀት ጥለው አያውቁም፤ በዚህ የተነሳ ባለቤታቸው ስንት ጊዜ እንደተማረሩ ቤቱ ይቁጠረው።

በ2000 ዓ.ም. የአካባቢ ምርጫ በግል ተወዳድረው በሰፊ ልዩነት ተሸነፉ። ጋሼ ግን አላኮረፉም። በሳምንቱ የራሳቸውን የቅስቀሳ ወረቀት ይዘው ያሸነፈው ሰው ቢሮ ሄዱና “እኔ ቃል የገባሁትን አንተ ፈጽመው” አሉት። ቦኖው በዚያው ዓመት ተጠገነ። ያስጠገንኩት እኔ ነኝ እያሉ ሁለቱም ለቅሶ ቤት በተገናኙ ቁጥር እስካሁን ይከራከራሉ።

የፕሬስ ነፃነት አዋጅ ቁጥር 34 በ1985 ዓ.ም. ሲወጣ አዲስ አበባ በግል ጋዜጣና መጽሔት ተጥለቀለቀች። ሌላው ስለ ቤተ መንግሥት ሲጽፍ ጋሼ ስለ ቦይ ክዳን ጻፉ። መጽሔታቸው መጀመሪያ በስቴንስል እየተባዛች፣ በኋላ አቅም ሲገኝ ማተሚያ ቤት እየገባች ወጣች። ቆንጆ አልነበረችም። ፎቶዎቿ ጥቁር ብቻ ናቸው፣ ርእሶቿ አንድ ትንፋሽ አይበቃቸውም። ግን አንድ ዕትም ገልብጣችሁ የጀርባውን ገጽ እዩ፦ ሠንጠረዥ አለ። የቤት ቁጥር፣ የቦዩ ክዳን የጠፋበት ቀን፣ ለማን እንደተነገረ፣ የተሰጠ መልስ። “የተሰጠ መልስ” የሚለው ዓምድ ከላይ እስከ ታች ባዶ ነው። በሚቀጥለው ዕትም ያው ሠንጠረዥ ተደግሟል፤ ሦስት ቦታ ተሞልቷል። ከዚያ በኋላ ባለው ዕትም ደግሞ ተደግሟል። እኛ እስከምናውቀው ድረስ ይህ መረጃ ሌላ የትም የለም።

ሬድዮው የመጣው የኤፍ ኤም ጣቢያዎች ሲበራከቱ ነው። ጋሼ የአየር ሰዓት ተከራይተው ተባባሪ አዘጋጅ ሆኑ፤ ስፖንሰር በጠፋበት ወር ከኪሳቸው ከፈሉ። በፕሮግራሙ የሚሰማው ጥቂት ደቂቃ ነው፤ ሣጥኖቹ ውስጥ ያለው ግን ሳይቆረጥ የተቀዳው ሙሉው ነው። የእድር ስብሰባ፣ የወጣቶች ጠብ፣ የጉልት ነጋዴዎች አቤቱታ። አንደኛው ካሴት ላይ እድሩ ተከራይን በአባልነት ይቀበል አይቀበል የሚል ክርክር አለ። አንዲት እናት ተነሥተው “ሬሳ የቤት ኪራይ ይከፍላል እንዴ?” ሲሉ ጉባኤው ይስቃል፤ ከሳቁ በኋላ ድምፅ ተሰጠና ተከራዮች ገቡ። እኚያ እናት ዛሬ የሉም።

አሁን ወደ ችግሩ። እስክሪብቶ ከትተን ካሴት ስናጠነጥን ያደግን ሁሉ እንደምናውቀው ክሩ ዘላለማዊ አይደለም። እርጥበት ካገኘው ይሻግታል፤ እርስ በርሱ ይጣበቃል፤ በኃይል ሲጎተት ድምፁ የተቀረጸበት ሽፋን ይላጣል። የጋዜጣ ወረቀትም አሲድ ስላለበት ቢጫ እየሆነ ይሰባበራል። ዲስኬቶቹ የባሰ ጣጣ አላቸው። ማንበቢያው ቢገኝ እንኳ ጽሑፎቹ የተጻፉት በቪዥዋል ግዕዝና በፓወር ግዕዝ ነው። የግዕዝ ፊደል በ1999 እ.ኤ.አ. ዩኒኮድ (ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚጋሩት የፊደላት ኮድ) ውስጥ ከመግባቱ በፊት እያንዳንዱ ሶፍትዌር ፊደሉን በራሱ መንገድ ነበር የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ፋይሉ ዛሬ ሲከፈት የላቲን ፊደልና የምልክት ቅልቅል ሆኖ ይወጣል። መልሶ አማርኛ ማድረግ ይቻላል፤ ግን እያንዳንዱን ገጽ በዓይን የሚያመሳክር ሰው ይፈልጋል።

ለዚህ ሁሉ ያሰብነው 620 ሺህ ብር ነው። ከግማሽ በላይ የሚሆነው ለሁለት ወጣቶች የስምንት ወር ክፍያ ነው። “በበጎ ፈቃድ ይሥሩት” የምትሉ እንዳላችሁ እናውቃለን፤ ይህን ጥሪ ባዘጋጀው ኮሚቴያችን ውስጥም ተነሥቶ ብዙ አከራክሯል። 300 ገደማ ካሴት አለ፣ አብዛኛው ባለ 60 እና ባለ 90 ደቂቃ። የአንድ ሰዓት ካሴት ለመገልበጥ አንድ ሰዓት ይፈጃል፤ ጥራቱን ሳይጎዱ ማፍጠን ያስቸግራል። ከዚያ ተሰምቶ ማን እንደተናገረና ስለ ምን እንደሆነ ይመዘገባል። በትርፍ ጊዜ ሲሠራ ሁለት ሣጥን ላይ ይቆማል፤ እንዲህ ተጀምሮ የቀረ ሥራ ብዙ አይተናል። የቀረው ገንዘብ ለአንድ ኤ3 ስካነር፣ ለተጠገኑ ሁለት ቴፕ ዴኮች (የካሴት ማጫወቻዎች)፣ ለድምፅ ማስገቢያ መሣሪያና ለሃርድ ዲስኮች ነው። ድምፁ ሳይታመቅ በ24 ቢት ስለሚቀመጥ አንድ ሰዓት እስከ 2 ጊጋባይት ይወስዳል፤ ሦስት ቅጂም በሦስት የተለያየ ቦታ ይኖራል። አንዱን ብሔራዊው ቤተ መጻሕፍትና ቤተ መዛግብት (ወመዘክር) እንዲቀበለን እንጠይቃለን።

አንድ ነገር ከወዲሁ ይታወቅ። ካሴቶቹ ላይ ሰዎች ጎረቤታቸውን በስም እየጠሩ ያማርራሉ፤ የቤታቸውን ገመናም ያወራሉ። ስለዚህ የተገለበጠው ሁሉ በአንድ ጊዜ ለሕዝብ አይለቀቅም። ተናጋሪው ወይም ቤተሰቡ ሳይፈቅድ የግል ጉዳይ ያለበት ክፍል አይወጣም። ጋሼ በዚህ ላይ ከእኛ ይብሳሉ።

ሒሳቡ የተከፈተው በሰፈራችን እድር ስም ነው፤ ገንዘብ የሚወጣው በሦስት ሰዎች ፊርማ ነው፤ የወጪ ዝርዝርም በየሁለት ወሩ በእድሩ ስብሰባ ይነበባል። ቁጥሩን እዚህ ያልጻፍነው በስማችን ሌላ ቁጥር እየለጠፈ የሚለምን እንዳይመጣ ነው። ከእድሩ ጸሐፊ በአካል ወይም ቀድሞ በምታውቁት ስልካቸው ውሰዱ። በውጭ አገር ያላችሁም በየፊናችሁ ከምትልኩ አንድ ሰው ወክላችሁ በአንድ ላይ ብትልኩ የማስተላለፊያው ክፍያ ይቀንስላችኋል። 50 ብርም ሆነ 50 ሺህ በደረሰኝ እንቀበላለን።

ገንዘብ የሌላችሁ ደግሞ ጓዳችሁን ፈትሹልን። ከመጽሔቷ የመጀመሪያው ዓመት ዕትሞች በከፊል ጎድለዋል፤ ሰፈሩ ሲነሳ ከዕቃ ጋር ጠቅልላችሁ የወሰዳችሁ ካላችሁ ለአንድ ቀን አውሱን፣ ስካን አድርገን እንመልሳለን። የቆየ ቴፕ ዴክ ያላችሁም ለቆራሌው ከመስጠታችሁ በፊት ንገሩን። ባይሠራ እንኳ ከውስጡ የሚወጣው ጎማና ሞተር ለሌላው መለዋወጫ ይሆነናል።