የቅሬታ ደብዳቤ፦ ሰልፉን የጠራው ዝምታችሁ ነው

ለባንኩ ዋና ሥራ አስኪያጅ
ለደንበኞች አገልግሎት ክፍል

ጉዳዩ፦ ሳይነገረኝ ስለተጣለብኝ የገንዘብ ማውጫ ገደብ፣ አላግባብ ስለተወሰደብኝ ቅጣት እና መልስ ስለማጣቴ

ደንበኛችሁ ከሆንኩ 14 ዓመት አልፎኛል። እስከ ዛሬ አንድም ቀን አቤቱታ ጽፌላችሁ አላውቅም። ወረፋ ሲረዝም፣ ካርድ ሲዘገይ፣ "ሲስተም የለም" ስባል ይሁን ብዬ አልፌያለሁ። ያሁኑን ግን ማለፍ አቃተኝ።

ነገሩ የጀመረው ማክሰኞ ጠዋት ኤቲኤም ላይ ነው። ማሽኑ የጠየቅሁት መጠን ከተፈቀደው በላይ መሆኑን ነገረኝ። ዝቅ አድርጌ ሞከርኩ። አሁንም እምቢ። በሦስተኛው ሙከራ ከለመድኩት ሩቡን ብቻ ቆጥሮ ሰጠኝ። ሒሳቤ ላይ ገንዘብ የለም እንዳልል ቀሪውን ራሱ ማሽኑ አሳይቶኛል። አፑን ከፈትኩ፤ "ለጥገና ተዘግቷል" ይላል። ስልክ ደወልኩ። 40 ደቂቃ ሙዚቃ አሰምታችሁኝ መስመሩ ተቋረጠ። ሙዚቃውን አሁን በቃሌ ይዤዋለሁ።

ቅርንጫፉ ጋ ስደርስ ሰልፉ ሕንፃውን ዞሮታል። በር ላይ ቆሞ ሕዝቡን የሚያናግረው ጥበቃው ነበር። ሥራ አስኪያጅ የለም፣ የተለጠፈ ማስታወቂያ የለም። ጥበቃው ጨዋ ሰው ነው፤ በእሱ ቅሬታ የለኝም። "ነገ ተመለሱ" ከማለት በቀር ምንም እንዳልተነገረው ያስታውቃል። የእሱም ደመወዝ የሚገባው እናንተው ጋ ስለሆነ ሳይሆን አይቀርም፣ ፊቱ ከእኛ ፊት አይለይም ነበር።

እስቲ በዚያ ሰልፍ ላይ የሰማሁትን ልንገራችሁ። እናንተ ፎቅ ላይ ስለሆናችሁ አይደርሳችሁም። አንዱ "ባንኩ ሊሸጥ ነው" አለ። ሌላው "ትልልቆቹ የራሳቸውን ቀድመው አውጥተዋል" አለ። አንድ ወጣት ስልኩን እያሳየ ሌላ ቅርንጫፍም እንደተዘጋ ነገረን። የትኛው እውነት የትኛው ውሸት እንደሆነ የሚነግረን አልነበረም። እኔ እዚያ የሄድኩት ስለ ገደቡ ለመጠየቅ ብቻ ነው። ከአንድ ሰዓት በኋላ ግን ሐሳቤ ተቀየረ። የቻልኩትን ያህል ላውጣ አልኩ። ማንም አልገፋፋኝም። ከፊቴ ያለው ሰው ካወጣ ለእኔ ላይተርፈኝ ይችላል ብዬ ነው። ከኋላዬ ያለውም ስለ እኔ እንደዚያው ሳያስብ አልቀረም።

ይህ ዕብደት አይደለም። ዳግላስ ዳይመንድ እና ፊሊፕ ዲብቪግ የሚባሉ ሁለት ኢኮኖሚስቶች ነገሩን እ.ኤ.አ. በ1983 በቀመር አሳይተውታል። በ2022 ከቤን በርናንኬ ጋር የኖቤል ሽልማት ካገኙባቸው ሥራዎች አንዱ ይኼው ነው። ባንክ የተቀበለውን ገንዘብ ለረጅም ጊዜ ያበድራል፤ ለእኛ ግን በፈለግን ሰዓት እሰጣለሁ ይላል። ሁላችንም በአንድ ቀን ከመጣን ጤነኛ ባንክም ይወድቃል። ስለዚህ ሌላው ሰው ሊያወጣ ነው ብሎ የጠረጠረ ሰው ቀድሞ ቢሮጥ አይፈረድበትም። የእኛ ሰው የፈሩት ይደርሳል የሚለው እንዲህ ያለውን ነው። እናንተ ይህን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ፤ ሥራችሁ ነውና።

ታዲያ ማታ ላይ የላካችሁልን አጭር መልእክት ምን ይላል? ባንኩ በጠንካራ መሠረት ላይ ነው፣ ለአሉባልታ ጆሮ አትስጡ። በቃ። ስለ ገደቡ አንድ ቃል የለም። ኤቲኤሙ ጠዋት የነገረኝን ነገር ባንኩ ማታም አልነገረኝም። እኔ በበኩሌ ከአሉባልታው ሁሉ ያስደነገጠኝ ይህ መልእክት ነው። ጎረቤቴ ባንካችሁ ውስጥ ሒሳብ እንኳ የለውም፤ መልእክቱን ሳነብለት "አሁንስ ፈራሁልህ" አለኝ።

አሉባልታ የሚለው ቃል ደግሞ ከንክኖኛል። ሰልፉ ላይ የነበረው ሰው ሁሉ ወሬ ሰምቶ የመጣ አይደለም። ኑሮ የት እንደደረሰ ታውቃላችሁ። ዋጋ በየሳምንቱ ይጨምራል፣ ደመወዝ ባለበት ቆሟል። የቁጠባ ወለዳችሁ የዋጋ ንረቱን አይደርስበትም። ገንዘቤን እናንተ ጋ ባስቀመጥኩ ቁጥር የመግዛት አቅሙ እየቀነሰ ነው፤ ያም ሆኖ አስቀምጬ ነበር። ከፊቴ የቆሙት እናት የመጡት የቤት ኪራይ ሊከፍሉ ነው። አንድ ነጋዴ የሠራተኞቹን ደመወዝ ሊያወጣ ነው የመጣው፤ ወር መጨረሻ ነበርና። እነዚህን ሰዎች "አሉባልታ ሰሚ" ማለት ስድብ ነው።

ቢነገራቸውስ የባሰ ይደነግጣሉ የምትሉ ይመስለኛል። ታሪክ ግን ሌላ ነው የሚያሳየው። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2007 በእንግሊዝ ኖርዘርን ሮክ የተባለው ባንክ ከማዕከላዊ ባንኩ የአስቸኳይ ጊዜ ብድር መጠየቁ ከዜና ነው የተሰማው። በማግስቱ ሕዝቡ በየቅርንጫፉ ተሰለፈ፣ ድረ ገጹም በጭንቅንቅ ሥራ አቆመ። ያኔ ባንክ ቢወድቅ ለአስቀማጩ ሙሉ በሙሉ የመመለስ ዋስትና የነበረው ለመጀመሪያው 2,000 ፓውንድ ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ላለው 33,000 ደግሞ 90 በመቶ። ታዲያ ሕዝቡ ምን ያድርግ? ሰልፉ የሳሳው የገንዘብ ሚኒስትሩ አሊስተር ዳርሊንግ የባንኩን ተቀማጭ መንግሥት ሙሉ በሙሉ እንደሚሸፍን ካሳወቁ በኋላ ነው። "አትስሙ" መባሉ ሳይሆን ተጨባጭ ነገር መነገሩ ነው ሰውን ወደ ቤቱ የመለሰው።

ከዚያም የቀደመ አለ። እ.ኤ.አ. በመጋቢት 1933 ፕሬዚዳንት ፍራንክሊን ሩዝቬልት የአሜሪካን ባንኮች በሙሉ ለቀናት ዘጉ። ከኤቲኤም ገደብ የከፋ ነገር ነው። ግን መጋቢት 12 ቀን ሬዲዮ ላይ ቀርበው ባንክ እንዴት እንደሚሠራ፣ ገንዘቡ ካዝና ውስጥ እንደማይቀመጥ፣ ለምን እንደተዘጋና የትኞቹ መቼ እንደሚከፈቱ ለተራው ሰው በሚገባ ቋንቋ አስረዱ። በማግስቱ ባንኮች መከፈት ሲጀምሩ ሕዝቡ ተሰለፈ፤ ብዙው ግን ያወጣውን ለመመለስ ነበር። ሰው መጥፎ ዜና ይችላል። የማይችለው ከጥበቃ አፍ መስማትን ነው።

ዛሬ ደግሞ ፍጥነቱ ሌላ ነው። እ.ኤ.አ. መጋቢት 9 ቀን 2023 ከአሜሪካው ሲሊከን ቫሊ ባንክ በአንድ ቀን 42 ቢሊዮን ዶላር ለማውጣት ተጠይቋል። በማግስቱ ባንኩ ተዘጋ። አብዛኛው ሰው ቅርንጫፍ አልረገጠም፤ በስልኩና በኮምፒውተሩ ነው የጨረሰው። እናንተ መግለጫ ለማውጣት እስከ ማታ ስትጠብቁ ወሬው ስንት ዙር እንደሚዞር አስቡት።

አሁን ወደ ራሴ ጉዳይ ልምጣ። እናንተው ጋ ብድር አለብኝ። ክፍያውን በየወሩ ከቁጠባ ሒሳቤ ወደ ብድር ሒሳቤ አዛውራለሁ። በዚያ ሳምንት ገደባችሁ ዝውውሩንም ከለከለ። ከራሴ ሒሳብ ወደ ራሴ ሒሳብ፣ ከባንካችሁ ሳይወጣ! ክፍያው ሁለት ቀን ዘገየ። በሦስተኛው ቀን የመዘግየት ቅጣት ቆረጣችሁብኝ። እጄን አስራችሁ ስታበቁ ለምን አላጨበጨብክም ብላችሁ ቀጣችሁኝ ማለት ነው። መስኮት ላይ ያለችውን ልጅ ስጠይቃት "ሲስተሙ ነው" አለችኝ። ለአፕ የሚተኛው ሲስተም ቅጣት ሲሰበስብ ግን ንቁ ነው።

ስለዚህ መጀመሪያ የምጠይቀው ይህ ቅጣት እንዲመለስልኝ ነው። መዘግየቱ በብድር ታሪኬ ላይ ተመዝግቦ ከሆነም እንዲሰረዝ። በተመሳሳይ ምክንያት የተቀጡ ሌሎች ደንበኞች መኖራቸውን አልጠራጠርም፤ እያንዳንዳቸው እንደ እኔ ደብዳቤ እስኪጽፉ አትጠብቁ።

ገደቡ ራሱ አስፈላጊ ሊሆን ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2013 ቆጵሮስ በቀን 300 ዩሮ፣ በ2015 ግሪክ በቀን 60 ዩሮ ወስነው ነበር። ሰዉ ተማርሯል፣ ግን ቁጥሩን ያውቅ ነበር። የእናንተ ገደብ ስንት ነው? በቀን ነው በሳምንት? እስከ መቼ? ለሁሉም ነው ወይስ ለእኔ ቢጤው ብቻ? ይህን በጽሑፍ በየቅርንጫፉ በር ላይ ለጥፉ። የተቀማጭ ዋስትናው እስከ ስንት እንደሚሸፍንም አብራችሁ ጻፉ። ድረ ገጻችሁ ላይ ፈልጌ ያገኘሁት የፈገግታ ፎቶ ብቻ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ግሪክ ያኔ ካርድ ለሌላቸው ጡረተኞች ብቻ የተወሰኑ ቅርንጫፎችን ከፍታ ነበር። እናንተ ጋ ምርኩዝ የያዙ አዛውንት ከእኔ ኋላ ሦስት ሰዓት ቆመው ባዶ እጃቸውን ሲመለሱ አይቻለሁ። ወንበር ማውጣት ካዝና አያጎድልም።

ያን ቀን ያወጣሁት ገንዘብ እስካሁን ቤቴ ነው። ለመናገር አፍራለሁ፤ ሌሊት ኮሽ ባለ ቁጥር እባንናለሁ። መልሼ ባስገባው ደስ ይለኛል። ነገር ግን ሳስገባው ቀላል፣ ሳወጣው ፈቃድ የሚጠየቅበት ከሆነ አስቀድሜ ልወቀው። የኤቲኤሙን ደረሰኝ ቅጂና ቅጣቱ የሚታይበትን የሒሳብ መግለጫ አያይዣለሁ። በ10 የሥራ ቀናት ውስጥ ካልመለሳችሁልኝ አቤቱታዬን ይዤ ወደ ማዕከላዊ ባንኩ እሄዳለሁ።

መልሱን በጽሑፍ ላኩልኝ። በስልክ ከሆነ ሙዚቃውን ሰምቼዋለሁ።

ከሰላምታ ጋር
የ14 ዓመት ደንበኛችሁ