ውኃ ሳይደርስ «ደርሷል» ስለተባለበት ሪፖርት፦ ለከተማችን አስተዳደር ኃላፊ የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

የተከበሩ ኃላፊ፣

በ1987 ዓ.ም. የሕዝብና ቤት ቆጠራ ወሎ ውስጥ ቆጣሪ ሆኜ ሥራ ከጀመርኩ ወዲህ ዕድሜዬን ያሳለፍኩት ሰው እንዴት እንደሚኖር እየጠየቅኩ መልሱን ቅጽ ላይ በማስፈር ነው። ቅሬታዬን በማመልከቻ ባቀርብ መዝገብ ቤት ገብቶ ቀረ፤ በአካል ብመጣም «ስብሰባ ላይ ናቸው» ተባልኩ፤ እንግዲህ በአደባባይ ልጠይቅዎ።

የነዋሪውን ኑሮ እንዳጠና በታዘዝኩበት መጠይቅ ስለ ውኃ ሦስት ነገር ጠይቀን ነበር፦ መስመር ገብቷል ወይ፣ በሳምንት ስንት ቀን ይመጣል፣ ሲጠፋስ ከየት ይቀዳል። መልሱ ተሰብስቦ ካለቀ በኋላ የሁለተኛውና የሦስተኛው ሠንጠረዥ ከሪፖርቱ ወጣ። የቀረው መስመሩ ብቻ ነው።

ከጠየቅኋቸው አንዲት እናት ጓሮ ወስደው ቧንቧቸውን ከፈቱልኝ። የወጣው ነፋስ ነበር፤ በነፋሱ ግፊት ግን የቆጣሪው መርፌ ሲዞር በዓይኔ አይቻለሁ። «ወላሂ ልጄ፣ ውኃው ቢቀር ሂሳቡ አይቀርም» አሉኝ፣ ከአህያ ጋሪ በጀሪካን ገዝተው ከሞሉት በርሜል ለቡናው እየቀዱ። እኒህ እናት ዛሬ በሪፖርትዎ ውስጥ «የንጹሕ መጠጥ ውኃ ተጠቃሚ» ናቸው።

የዓለም ጤና ድርጅትና ዩኒሴፍ በጋራ በሚሠሩበት መለኪያ የላይኛው ደረጃ የሚሰጠው ውኃው በግቢ ውስጥ ሲሆን፣ በሚፈለግበት ጊዜ ሲገኝና ከብክለት ነጻ ሲሆን ነው፤ አገራችን በ2008 ዓ.ም. የተቀበለችው የዘላቂ ልማት ግብም የሚለካው በዚሁ ነው። ከውጭ ለሚቀዳ እንኳ ወረፋው ተጨምሮ ደርሶ መልሱ ከ30 ደቂቃ ካለፈ መሠረታዊ አገልግሎት አይባልም። ይህን ለእርስዎ ማስረዳት ድፍረት ነው፤ ሥልጠናውን አብረን ወስደናል።

የመጨረሻው የሕዝብ ቆጠራ የተካሄደው በ1999 ዓ.ም. በመሆኑ ስለ ነዋሪው የዛሬ ኑሮ የምናውቀው በአብዛኛው ከእንዲህ ዓይነቱ ጥናት ነው፤ እሱን አጉድለው ለየትኛው ሠፈር መስመር፣ ለየትኛው ጉድጓድ በጀት ሊጠይቁ ነው? ደግሞስ ወሎ ላይ ተቀምጦ የሕዝብን ችግር ከሪፖርት ማውጣት እንዴት አያስፈራም? በ1965 እና በ1966 ዓ.ም. ረሃቡ ይህን ሕዝብ ሲፈጅ መንግሥት ወሬው እንዳይሰማ ሸፍኖት ነበር። የቧንቧን መድረቅ ከዚያ እልቂት ጋር አላስተካክልም፤ የመሸፈን ልማዱ ግን ያው ነው።

ሁለቱ ሠንጠረዦች ይመለሱ። ይህ የማይሆን ከሆነ ስሜን ከሪፖርቱ ሽፋን ላይ ያንሱልኝ፤ የሰጡኝን የምስጋና ወረቀት ለመዝገብ ቤት መልሻለሁ፣ ከማመልከቻዬ ጋር አብሮ ይያያዝ።